ሞፈር የሰቀለ ገበሬ በምን ይጦር?

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ዕድሜው 60 ዓመት ሲሞላ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ከዚያም ወር በወር፣ አነሰም በዛም፣ የጡረታ አበሉን ይቀበላል። ለራሱ ያደረ ገበሬ ግን ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። የሥራ ዘመኑ ማብቃቱን የሚነግረው ጉልበቱ ነው። አንድ ዓመት የበልጉን እርሻ ሲጀምር እርፉ ይከብደዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከቁልቁለቱ ማሳ ወደ ቤቱ መመለስ ያደክመዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ሞፈሩን ከጣሪያው ሥር ይሰቅላል። ከዚያች ቀን በኋላ በምን ይኖራል? ይህ ጥያቄ የእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ጥያቄ ቢሆንም፣ ገበሬውን ለሚመሩ ሰዎችም የሥራ ጥያቄ ነው። በአሁኑ ጊዜ አመራሩ የቀበሌ አስተዳደር ቢባልም በገጠሩ አነጋገር ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም አልጠፋም፤ ሽማግሌውም ሲቸግረው መጀመሪያ የሚያንኳኳው ይህንኑ በር ነው።

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኩታበርና ከእርሷ ባሻገር በተንታና በአማራ ሳይንት አድርጎ እስከ መካነ ሰላም የሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ደጋ የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላ፣ የአተርና የምስር አገር ነው። ገበሬው በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ ሰማይን ይጠብቃል። በልጉ ይቀራል፤ መኸሩን ውርጭና በረዶ ይመታዋል። ማሳው ተዳፋት ነው፤ የብዙው አባወራ ይዞታም ከአንድ ሄክታር በታች ነው። በዚህ ምድር ላይ አርባና ሃምሳ ዓመት ያረሰ ሰው ዕረፍት ይገባዋል ቢባል የሚከራከር አይኖርም። ነገር ግን ዕረፍቱ በምኞት አይገኝም፤ ጉልበት ሳለ ተሰልቶ የሚዘጋጅ ነገር ነው።

የጡረታ ትርጉምና ታሪኩ

ጡረታ የሚለው ቃል የመጣው ከመጦር ነው። መጦር ደግሞ አሮጌን መመገብ፣ ማልበስና መንከባከብ ማለት ነው። ሕዝባችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ ሲመርቅ ስለ ጡረታ መናገሩ ነው። ስለዚህ ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነገር አይደለም፤ ቃሉም ሐሳቡም ከገጠሩ ቤት የተገኘ ነው።

በሕግ በኩል ሲታይ ግን ገበሬው ከመዝገቡ ውጭ ቆይቷል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተደነገገ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ተራቸው የደረሰው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ ይህም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። ገበሬው ደመወዝም አሠሪም ስለሌለው በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም። እንደ እርሱ በገዛ እጃቸው የሚያድሩት ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ የልብስ ሰፊውና የበቅሎ ነጋዴውም እንዲሁ ናቸው።

ይሁን እንጂ የማኅበር መሪዎች ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም ከሰጣቸው ተግባሮች አንዱ በእርጅና፣ በሕመም ወይም በልጅነት ምክንያት ማረስ ለማይችሉ ሰዎች፣ ባላቸው ለሞተባቸው ሴቶችም መሬታቸውን ማረስ ነበር። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን በከለከለበት አንቀጽም ለአረጋውያንና ለሕሙማን፣ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው ሴቶችም ልዩ ሁኔታ አድርጓል። ያ አዋጅ ዛሬ በሌሎች ሕጎች ተተክቷል። ሐሳቡ ግን ከአዋጁም በፊት በደቦና በወንፈል ውስጥ የነበረ፣ ከአዋጁም በኋላ ያልሞተ ነው። አሮጌን ማሳረስ ከማኅበሩ ሥራ አንዱ እንጂ የትርፍ ጊዜ በጎ አድራጎት ሆኖ አያውቅም።

በሌሎች አገሮች ጉዳዩ በምን ዓይነት መንገድ እንደተያዘ ማወቅም ይጠቅማል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕገ መንግሥት የገጠር ሠራተኛ ወንዱ በ60፣ ሴቷ በ55 ዓመት ጡረታ እንዲያገኙ ወሰነች። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአነስተኛ ገበሬዎች በፈቃደኝነት የሚገባበት የጡረታ ዕቅድ ጀመረች፤ ገበሬው በወጣትነቱ በየወሩ ጥቂት ሩፒ ሲያስቀምጥ መንግሥት እኩሉን ይጨምርለታል፣ 60 ዓመት ሲሞላው በወር 3,000 ሩፒ ይታሰብለታል። ይህን የመሰለው ዕቅድ ወደ እኛ ደጋ እስኪደርስ ድረስ ግን ገበሬው ጡረታውን ከመሬቱ፣ ከበረቱ፣ ከጓሮውና ከጎረቤቱ ማግኘት አለበት።

እርጅናን የሚያደኸዩ ሦስት ስሕተቶች

በገጠሩ በየዘመኑ ሲደጋገሙ የሚታዩ ሦስት ስሕተቶች አሉ።

የመጀመሪያው መሬትን ለልጆች ቀድሞ አከፋፍሎ ባዶ እጅ መቅረት ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ መሬት ይሻል፤ የወጣቱ መሬት ማጣትም የታወቀ ችግር ነው። አባት አንጀቱ አይችልምና አንዱን ጥማድ ለበኩሩ፣ ሌላውን ለታናሹ ይሰጣል። ስጦታው ከተመዘገበ በኋላ መሬቱ የልጁ ነው። ልጁ ደግ ቢሆን መልካም፤ ወደ ከተማ ወይም ወደ ዓረብ አገር ቢሄድ፣ ወይም ትዳሩ ቢፈርስ፣ አባት የሚያርስለትም የሚያከራየውም አይኖረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል።

ሁለተኛው በሬዎቹን በአንድ ቀን ሸጦ ገንዘቡን በሣጥን ማስቀመጥ ነው። የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ ሲንር ያለ ሥራ የተቀመጠ ብር ይቀልጣል። ዛሬ ጥንድ በሬ የሚገዛው ገንዘብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱንም ላይገዛ ይችላል። ከዚህም ሌላ በቤት ያለ ጥሬ ገንዘብ በሠርግ፣ በተዝካርና በዘመድ ብድር ሳይታወቅ ያልቃል።

ሦስተኛው መሬትን ያለ ጽሑፍ ማሳረስ ነው። ሽማግሌው ለጎረቤቱ ወይም ለወንድሙ ልጅ «እኩል አርሰህ አምጣ» ይለዋል። ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል አልተነገረም። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ደስ ብሎት ያድራል። በሦስተኛው ዓመት አውድማ ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ በአምስተኛው ዓመት አራሹ ይዞታው የእኔ ነው ይላል። ባል የሞተባት እማወራ ስትሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ለሁለት ሽማግሌዎች ምን ያህል ይበቃል?

የእርጅና ኑሮ በግምት ሳይሆን በስሌት ሊያዝ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው የወር ቀለብ ሲያሰላበት የቆየው መጠን 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። ይህ የጥጋብ ልክ ሳይሆን የመኖሪያ ልክ ነው። በዚህ መሠረት ለባልና ሚስት በዓመት 360 ኪሎ እህልና 96 ኪሎ ጥራጥሬ ያስፈልጋል።

አሁን አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ያህል መሬት ያላቸውን ባልና ሚስት እንውሰድ። አንዱን ጥማድ ለጓሮ፣ ለሣርና ለዛፍ አስቀርተው ሦስቱን በእኩል ያሳርሱ። ሁለቱ ጥማድ ገብስ በደህና ዓመት 8 ኩንታል፣ አንዱ ጥማድ ባቄላ 3 ኩንታል ይሰጣል ብለን እንገምት። በስምምነቱ መሠረት ዘር በቅድሚያ ይነሣ፤ ለገብሱ 60 ኪሎ፣ ለባቄላው 50 ኪሎ። የቀረው ሲካፈል ለባለመሬቶቹ 370 ኪሎ ገብስና 125 ኪሎ ባቄላ ይደርሳቸዋል። ከቀለባቸው የሚተርፈው 10 ኪሎ ገብስና 29 ኪሎ ባቄላ ብቻ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የእኩል እርሻ ሆድን ይሞላል እንጂ ለጨው፣ ለዘይት፣ ለበርበሬ፣ ለቡና፣ ለልብስ፣ ለመድኃኒት፣ ለግብርና ለቅሬ መዋጮ አይተርፍም። ሁለተኛ፣ ዓመቱ ከፍቶ ገብሱ በግማሽ ቢቀንስ፣ 4 ኩንታሉ ዘር ተነሥቶለት ሲካፈል 170 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ ከሚያስፈልገው ላይ 190 ኪሎ ይጎድላል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያየ የወሎ ሰው ክፉ ዓመት ምን እንደሆነ አስተማሪ አያሻውም። ስለዚህ የእርጅና በጀት ከእርሻው ጎን ለጎን አንድ የገንዘብ ምንጭና አንድ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል።

መሬቱን በውል ማሳረስ

መሬት ለገበሬው ከሁሉ የሚበልጥ የጡረታ ሀብት ነው። አይሸጥም፤ ነገር ግን ባለይዞታው ሳይፈናቀል ሊያከራየውና ሊያሳርሰው ይችላል። በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ለባለይዞታው የተሰጠው አረንጓዴ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ነው። ይህ ደብተር የሽማግሌው የጡረታ ደብተር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ስለዚህ በማንም እጅ በመያዣነት ሊተው አይገባም።

ውሉ ሲጻፍ የሚከተሉት ነገሮች በግልጽ ሊሠፍሩ ይገባል። ማሳው የት እንደሆነና አዋሳኞቹ እነማን እንደሆኑ፤ ስምምነቱ ለስንት ዓመት እንደሆነ፤ ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ፣ ከአውድማ ላይ እንዴት እንደሚነሣ፤ ገለባው እንዴት እንደሚካፈል፤ እርከኑንና የጎርፍ መፋሰሻውን ማን እንደሚጠግን፤ ግብሩን ማን እንደሚከፍል። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ምስክሮች ይቆማሉ፤ ውሉም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ገለባው ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ አይገባውም። ጥቂት በጎች ለያዘ ሽማግሌ የገለባ ድርሻው የበጋ መኖ ነው።

በእኩል ማሳረስ ይሻላል ወይስ በገንዘብ ማከራየት? መልሱ እንደ ቤቱ ሁኔታ ነው። እኩል እህል ያመጣል፤ እህሉ ዋጋው ሲወጣም አብሮ ይወጣል። ነገር ግን ዓመቱ ሲከፋ ባለመሬቱም አብሮ ይጎዳል፤ አውድማ ላይ ቆሞ መቆጣጠርንም ይጠይቃል። የገንዘብ ኪራይ ከውርጭና ከበረዶ ያድናል፤ ነገር ግን የብዙ ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ከተቀበሉት ገንዘቡ አልቆ ዘመኑ ይቀራል። ለብዙዎች የሚበጀው አብዛኛውን መሬት በእኩል አሳርሶ ጥቂቱን በየዓመቱ በሚታደስ ኪራይ መስጠት ነው። ማሳውን ጦም ማሳደር ግን በምንም መንገድ አይመከርም፤ በሕግ በኩልም መብትን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ውርስን በሚመለከት ልጆቹን ለመጥቀም የሚፈልግ አባት ስጦታ ብቸኛ መንገድ አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባል። በክልሉ ሕግ ይዞታ በስጦታም በኑዛዜም ይተላለፋል። የተመዘገበ ስጦታ ወዲያው ይተላለፋል፤ ኑዛዜ ግን ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊለወጥ ይችላል። ልጁ መሬቱን በእኩል እያረሰ ወላጆቹን እየጦረ እንዲቆይ፣ በኋላም በኑዛዜ እንዲወርስ ማድረግ ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው። የቤተሰብ ሕጉም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ስለተፈቀደም፣ ሽማግሌዎች ለሌላ ሰው ብድር መሬታቸውን ከማስያዛቸው በፊት ደጋግመው እንዲያስቡ ሊመከሩ ይገባል።

የሽማግሌ እጅ የሚችላቸው ሥራዎች

ዕረፍት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። እርፍ መጨበጥ የተሳነው እጅ በግ መጠበቅ፣ ቀፎ ማየት፣ ችግኝ ማጠጣት አያቅተውም። ቁም ነገሩ እነዚህን ከ45 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ፣ ጉልበት ሳለ መጀመር ነው።

በግ የደጋው ባንክ ነው። ለሁለት ሽማግሌዎች አራት እናት በግ የሚከብዱ አይደሉም። በዓመት ሦስት ግልገል ቢያድግላቸው ሁለቱን ሸጠው አንዱን ለመተኪያ ያስቀራሉ። በሬ ወይም ላም ያለው ግን የሚጠብቅለት ያጣ ሰው በርቢ ቢሰጥ ከሚወለደው ድርሻውን ያገኛል። የርቢውም ስምምነት እንደ መሬቱ ሁሉ በምስክር ፊት ሊሆን ይገባል፤ ከብቱ በበሽታ ቢሞት፣ ቢጠፋ ወይም ቢታመም ጉዳቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ ወዳጅነትን ያፈርሳል።

ባሕር ዛፍ ለእርጅና እንደሚበጅ ገበሬው ራሱ ደርሶበታል። ነገር ግን ብዙው ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቆርጦ ይሸጥና ገንዘቡ ሲያልቅ ዓመታት ይጠብቃል። የተሻለው ዘዴ ይህ ነው። የጥማድ ሩብ በሚሆን ለእህል በማይሆን መሬት ላይ በአንድ ሜትር ርቀት 600 ያህል ችግኝ ይተከላል። ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ ደኑን በአምስት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ መቁረጥ ነው። ጥቂቱ ይደርቃል ብንል እንኳ በዓመት 100 ያህል አጣና ይገኛል። ጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ አምስተኛው ክፍል ሲቆረጥ የመጀመሪያው እንደገና ለመድረስ ይቃረባል። በዚህ ዓይነት ዛፉ በየዓመቱ የሚከፈል አበል ይሆናል ማለት ነው። ሆኖም ባሕር ዛፍ ውኃ ስለሚጠጣና ለአጠገቡ ሰብል ስለማይመች ከምንጭ አጠገብ፣ ከጎረቤት ማሳ ድንበር ላይም ሆነ በደህና እርሻ ላይ ሊተከል አይገባም።

ጌሾ በየዓመቱ የማይታረስ፣ አንዴ ተተክሎ ለረጅም ዘመን የሚቆረጥ በመሆኑ ለወይና ደጋውና ሙቀት ላለው ጓሮ የተመቸ ነው። ንብም እንዲሁ ነው፤ ከክረምቱ በኋላ አደይ አበባና መንጠሴ ሲያብቡ ቀፎው ይሞላል። ሁለትና ሦስት ቀፎ ከቤት አጠገብ ማስቀመጥ ለሽማግሌ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ማሩ ቢሸጥ ገንዘብ፣ ቢበላ መድኃኒት ነው። በሴቶች በኩል ደግሞ የበግ ጠጉር አባዝቶ መፍተል ለባና ሠሪዎች የሚቀርብ ሥራ ነው። ዶሮና የጓሮ ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርትም ከሁለት ሽማግሌዎች አቅም በላይ አይደሉም።

ከእነዚህ ሁሉ ሁለቱን ወይም ሦስቱን መያዝ በቂ ነው። ሁሉን መጀመር ድካም ነው፤ በአንዱ ብቻ መደገፍም አደጋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በኩታበርና በደሴ ዙሪያ ሲያልፍ እንደታየው ከብት ሊነዳ፣ ጎተራ ሊራቆት ይችላል፤ የተተከለ ዛፍና የተመዘገበ ይዞታ ግን ከቦታቸው ይገኛሉ።

የመሸጫ ጊዜን ማወቅ

በትንሽ ገቢ መኖር ማለት በአብዛኛው በጊዜው መሸጥና በጊዜው መግዛት ማለት ነው። በጥርና በየካቲት አውድማው ሁሉ ሲወቃ እህል ይረክሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይወደዳል። ከብት ደግሞ በተቃራኒው ገበሬው እህል ሲያልቅበት ለገበያ ስለሚያወጣው በክረምት ይረክሳል። ስለዚህ ሽማግሌው በጥር ለግብርና ለዕዳ ብሎ ገብሱን ሸጦ በነሐሴ ያንኑ ገብስ በውድ ዋጋ መግዛት የለበትም። በጎቹን ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ ገበያ ቢያደርስ የገንዘብ ጉዳዩን በዚያ ይሸፍናል። ዓረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ቀኑን አስቀድሞ ጠይቆ ማድለብ ያስፈልጋል።

ያልተሸጠው እህል ከነቀዝ ሊጠበቅ ይገባል። በደንብ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ አየር በማያስገባ ባለሦስት ሽፋን ከረጢት ቢቀመጥ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መርዝ መርጨትም አያስፈልግም። 360 ኪሎ ቀለብ ብቻ ላለው ቤት ነቀዝ የበላው 30 ኪሎ የአንድ ወር ቀለብ ነው።

ትርፍ ገንዘብ ሲገኝ በመጀመሪያ ወደ ጠቦት ወይም ወደ ችግኝ መለወጥ፣ የቀረውን ለድንገተኛ ጉዳይ በቁጠባ ማኖር ይበጃል። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክነት ከተለወጠ በኋላም በገጠሩ አገልግሎቱን ቀጥሏል፤ ወለድ ለማይፈልጉም ከወለድ ነፃ የሆነ ቁጠባ በባንኮች ይገኛል።

ከሁሉ በላይ ሽማግሌን በአንድ ቀን የሚያደኸየው ሕመም ነው። አንድ ቀዶ ሕክምና አራቱን በጎች ሊወስድ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእነዚያ አንዱ የኩታበር ጎረቤት ተሁለደሬ ነበር። ዓመታዊ መዋጮው በአውድማ ወቅት፣ እህል በቤት ሳለ ቢከፈል ክረምት ላይ የሚመጣውን ጭንቀት ያስወግዳል። መክፈል ለማይችሉ ድሆችም መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ለዚህ የሚመረጡትን ለይቶ የሚያቀርበው ቀበሌው ነው።

በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ከሞት በኋላ ብቻ የሚታሰብ ሊሆን አይገባም። ቅሬው ቀባሪ ነው፤ በጥቂት መዋጮ ጧሪም ሊሆን ይችላል። የታመመ አባል ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰድበትን ወጪ ከቅሬው ገንዘብ ማበደር፣ የሽማግሌ ቤት ክዳን ከክረምት በፊት በጋራ መጠገን ከባድ ነገር አይደለም።

የዕረፍት ጣዕም

ሽማግሌ እህል ብቻ በልቶ አያድርም። ቡናው ሲፈላ ጎረቤት መጥራት፣ ክርስቲያኑ በሰንበቴና በማኅበር፣ እስላሙ በወዳጃና በመስጊድ ከወዳጆቹ ጋር መዋል፣ በዓል ሲመጣ ለልጅ ልጅ የሚሰጠው ነገር ማግኘት ይሻል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ሰው አርባ ዓመት የሚደክመውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ በጀቱ ሲሰላ የቡናውና የማኅበሩ ወጪ ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል፤ ካልታሰበ ሽማግሌው ያፍርና ከሰው ይርቃል። ከሰው የራቀ ሽማግሌ ደግሞ ቶሎ ይታመማል።

ከዚህም ጋር ሽማግሌው ለመንደሩ የሚሰጠው ነገር እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ድንበር ሲጣላ የድሮውን ወሰን የሚያውቅ እርሱ ነው። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ደም ሲፈስ የሚያስታርቅ እርሱ ነው። የትኛው ማሳ ውርጭ እንደሚይዘው፣ በልግ ሲዘገይ ምን እንደሚዘራ ለወጣቱ የሚነግር እርሱ ነው። ይህ ዕውቀቱ እየተጠየቀ የሚኖር ሽማግሌ ሸክም መሆኑ አይሰማውም፤ ልጆቹም በአክብሮት ይጦሩታል።

ከማኅበሩ መሪዎች ምን ይጠበቃል?

ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ መሬትና ጥቂት ሀብት ላለው ሰው ነው። ምንም የሌለው፣ ልጅ ያልወለደ ወይም ልጆቹ ያለቁበት አረጋዊ ግን ሌላ ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በቀጥተኛ ድጋፍ የሚታቀፉበት ደንብ አለ። እነዚህ ሰዎች ለእርከን ሥራ ሊጠሩ አይገባም፤ ድጋፉም በዓመት 12 ወር እንጂ እንደ ሥራ ተሳታፊዎች 6 ወር እንዲሆን አይታሰብም። ዝርዝሩ ሲወጣ ድምፅ ያለው ገብቶ ድምፅ የሌለው እንዳይቀር ከቤት ቤት ማየት የኮሚቴው ግዴታ ነው። ስብሰባ መጥታ መናገር የማትችለው ዓይነ ሥውር አሮጊት ከዝርዝሩ የምትቀረው መጥታ ስላልተናገረች ነውና።

በተግባር ሊጀመሩ የሚችሉ አምስት ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፣ በቀበሌው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ አባወራዎችና እማወራዎች፣ በተለይም ብቻቸውን የሚኖሩት፣ ተመዝግበው መሬታቸውን ማን እንደሚያርስ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ያለ ጽሑፍ የሚታረሰው የአረጋውያንና የባል አልባ ሴቶች መሬት ከሚቀጥለው የእርሻ ወቅት በፊት በውል ይያዝ፤ መጻፍ ለማይችሉት ውሉ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው።

ሦስተኛ፣ ውል የማያገኝ፣ አራሽም የሌለው ሽማግሌ መሬት በደቦ ይታረስ፣ ይታጨድም።

አራተኛ፣ ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ ሲከፋፈል ዕድሜያቸው ወደ 50 ለተጠጋ ገበሬዎች ቅድሚያ ይሰጥ፤ የሚተከለው ያን ጊዜ ነውና።

አምስተኛ፣ የጤና መድኅን መዋጮ በአውድማ ወቅት እንዲሰበሰብ፣ የድሆቹም ዝርዝር በዚያው ጊዜ እንዲጠናቀቅ ይደረግ።

ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቁት ብዕርና መዝገብ፣ የአንድ ቀን ደቦና የመሪ ትኩረት ነው። የዛሬው የማኅበር መሪ ደግሞ የነገ ሽማግሌ ነው። ዛሬ ለሌላው የጻፈው ውል፣ ያጸደቀው ችግኝ፣ ያጸናው ደንብ ነገ ለራሱ የሚደርስ ነውና ሥራውን ከዘንድሮው መኸር በፊት ይጀምር።